ስለ ሞናሊዛ ስርቆት ጻፋችሁ፣ የኛዎቹስ ሥዕሎች?

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጤና ይስጥልኝ። ሰሞኑን በኪነ ጥበብ ገጻችሁ ላይ ስለ ታላላቅ ሥዕሎች ስርቆት፣ ቅሌትና አፈ ታሪክ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤ ነው የምጽፈው። ደብረ ብርሃን ላይ ፎቶ ቤት አለኝ። ጋዜጣ የማነበው ደንበኛ እየጠበቅኩ ነው፤ ያን ዕለት ግን ጉርድ ፎቶ ሊነሳ ለመጣው ሁሉ ጮክ ብዬ ሳነብለት ዋልኩ። ሰው የገደለው ሰዓሊ ካራቫጆ፣ ባዶ ክፈፍ እስከ ዛሬ ተሰቅሎ የሚታይበት የቦስተን ሙዚየም፣ የሞናሊዛ ሌባ፣ ሁሉም ልብ ይሰቅላል። ግን ሁለት ነገር ከነከነኝ። አንደኛ፣ ሞናሊዛ እንዴት እንደተሰረቀች በሰፊው ነግራችሁን እንዴት እንደተገኘች በአንድ መስመር አለፋችሁት። ሁለተኛ፣ ያን ሁሉ ሥዕል ስትጠሩ አንድም የኢትዮጵያ ሥዕል አልጠራችሁም። ለኔ ሁለቱ ነገሮች የተያያዙ ናቸው። ላስረዳ። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ፣ የኛ ሲሆን ዓ.ም እላለሁ።)

ሌባው ቪንቼንዞ ፔሩጂያ የሚባል ጣሊያናዊ ነው። ፓሪስ ባለው ሉቭር ሙዚየም ውስጥ ለሥዕሎች የመስታወት መከለያ ሲሠሩ ከነበሩት ሠራተኞች አንዱ ነበር። ኦገስት 21 ቀን 1911፣ ሰኞ ዕለት፣ ሙዚየሙ ዝግ ነው። ሥዕሏን ከግድግዳ አወረደ፣ ከክፈፏ አወጣት፣ ይዟት ሄደ። እስከ ማግስቱ ድረስ ጉዳዬ ያለ ሰው የለም። ለምን መሰላችሁ? ቦታው ባዶ መሆኑን ያዩት ሰዎች ፎቶ አንሺዎቹ ወስደዋት ይሆናል ብለው ነው። ከዚያ ከተማው ታመሰ። ፖሊስ ገጣሚውን አፖሊኔርን አሰረ፣ ሰዓሊውን ፒካሶን ጠርቶ መረመረ፣ ሁለቱም የሉበትም። ሕዝቡ ባዶውን ግድግዳ ለማየት ተሰለፈ። ሥዕሏ ግን እዚያው ፓሪስ ውስጥ በፔሩጂያ የኪራይ ክፍል፣ ሳጥን ውስጥ፣ ከሁለት ዓመት በላይ ተቀመጠች።

እስቲ አሁን እናንተ በአንድ መስመር ያለፋችሁትን ልንገራችሁ። በ1913 መጨረሻ ፔሩጂያ ፍሎረንስ ለሚኖር አልፍሬዶ ጄሪ ለሚባል የጥንት ዕቃ ነጋዴ ጻፈ። ጄሪ የኡፊዚ ሙዚየምን ኃላፊ ጆቫኒ ፖጂን ይዞ ሰውዬው ያረፈበት ሆቴል ድረስ ሄደ። ፔሩጂያ ሳጥኑን ከፈተ፣ ልብሱንና መሣሪያውን አወጣ፣ የውሸቱን ወለል አነሳ፣ ሥዕሏን አወጣ። ሁለቱ ሰዎች አልተደነቁም አልልም። ግን መጀመሪያ ያደረጉት ምንድን ነው? ወደ መስኮቱ ወስደው፣ ይዘውት ከመጡት ፎቶግራፍ ጋር አስተያዩዋት። ከጀርባዋ ያለው የሉቭር ቁጥርና ማኅተምም ከፎቶው ጋር ገጠመ። በቃ። ሌባው ተያዘ፣ ሥዕሏ በ1914 መጀመሪያ ፓሪስ ገባች።

ይህን ሳነብ ፎቶ አንሺነቴ ነው የተነሳው። ያቺን ሥዕል ያዳናት ዘበኛ አይደለም። ዘበኛማ ተኝቶ ነበር ማለት ይቻላል። ያዳናት መታወቋ ነው። ፊቷም ጀርባዋም ተመዝግቦ፣ ፎቶዋ በየሰዉ እጅ ስለነበረ፣ ሌባው ዓለም ላይ ማንም ሊገዛው የማይደፍር ዕቃ ይዞ ቀረ።

አሁን ወደ ኛው ልምጣ። ኩርዓተ ርእሱ የሚባለውን ሥዕል ስንቶቻችን እናውቀዋለን? ጌታችን የእሾህ አክሊል ደፍቶ የሚያሳይ፣ በ1500ዎቹ መጀመሪያ ገደማ በእንጨት ሰሌዳ ላይ የተሣለ፣ ከአውሮፓ የመጣ ሥዕል ነው። የሣለው ፍላማንድ (የዛሬው ቤልጅየም አካባቢ ሰው) ነው፣ የለም ፖርቱጋላዊ ነው እያሉ ሊቃውንቱ ይከራከሩበታል። የጎንደር ነገሥታት ሲዘምቱ አብሯቸው ይዘምታል። መኳንንቱ የሚምሉት በሱ ፊት ነው። በ1744 በዳግማዊ አጼ ኢያሱ ዘመን ሱዳን ውስጥ ከነበረው ከስናር መንግሥት ጋር በተደረገው ጦርነት ሥዕሉ ተማረከ፣ በኋላም በወርቅ ተዋጅቶ ተመለሰ። ሥዕል ተማረከ፣ ሥዕል ተዋጀ! ከሞናሊዛ ታሪክ ይሄ በምን ያንሳል?

ከዚያ መቅደላ መጣ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም አጼ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ሰዉ፣ የእንግሊዝ ጦር አምባውን ዘረፈ። ለሰሜን ሸዋ ሰው ያ አምባ እንግዳ አገር አይደለም፤ አንጎለላ የተወለደው ምኒልክ ልጅነቱን ያሳለፈው እዚያው ታስሮ ነው። እውነቱን ለመናገር መቅደላ የነበረው ሀብትም ብዙው ንጉሡ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ያስጋዙት ነው፣ ይሄም መነገር አለበት። እንግሊዞቹ ምርኮውን በ15 ዝሆንና ወደ 200 በሚጠጋ በቅሎ ጭነው ደላንታ ሜዳ ላይ ሐራጅ አወጡት፣ ገንዘቡንም ለወታደሩ አከፋፈሉት። ከጦሩ ጋር ብሪቲሽ ሙዚየም የላከው ሪቻርድ ሆምስ የሚባል ሰው ነበር። ለሙዚየሙ 350 ያህል ብራና ሰበሰበ። ኩርዓተ ርእሱን ግን አላስረከበም። ለራሱ አስቀረው።

ቅሌት ከፈለጋችሁ እዚህ ላይ ነው። በ1872 አጼ ዮሐንስ አራተኛ ለንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ጻፉ፤ ክብረ ነገሥቱንና ኩርዓተ ርእሱን መልሱልን አሉ። መጽሐፉ ተመለሰ። ስለ ሥዕሉ የመጣው መልስ ግን ዱካው ሊገኝ አልቻለም፣ ወደ እንግሊዝ አገር የመጣም አይመስለንም የሚል ነበር። ይህ መልስ ሲጻፍ ሆምስ የት ነበር? ዊንዘር ቤተ መንግሥት፣ የዚያችው ንግሥት ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ሆኖ። ሥዕሉን ይዞ። አንድ ቃል አልተነፈሰም። የአንድ አገር ንጉሥ ለአንድ አገር ንግሥት ጽፎ፣ የጠየቀው ዕቃ የንግሥቲቱ ሠራተኛ እጅ እያለ፣ የለም ተብሎ ተመለሰ። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ደሜ ይፈላል።

ከዚያስ? በ1905 አንድ የእንግሊዝ የኪነ ጥበብ መጽሔት የሥዕሉን ፎቶ አወጣ። ሆምስ ከሞተ በኋላ በ1917 ለንደን ላይ በጨረታ ተሸጠ፣ በ1950 እንደገና ተሸጠና ፖርቱጋል ገባ፣ ለአንድ የኪነ ጥበብ ታሪክ አጥኚ። ከዚያ ብዙ ዘመን ድምፁ ጠፋ። በ1998 የት እንዳለ ተገኘ። ያ የ1905 ፎቶ ባይኖር ኖሮ ይህ ነው ብሎ አፍ ሞልቶ የሚናገር ማን ነበር? ዛሬ የፖርቱጋል መንግሥት የአገር ቅርስ ብሎ መዝግቦታል፣ ከአገር እንዳይወጣም ከልክሏል። እነሱ መዘገቡት።

ፔሩጂያ ፍርድ ቤት ቀርቦ ናፖሊዮን ከጣሊያን የዘረፈውን ነው የመለስኩት አለ። ውሸት ነበር፤ የሣላት ሊዮናርዶ ራሱ ነው በ1516 ሥዕሏን ይዟት ፈረንሳይ የገባው። እንዲያም ሆኖ ጣሊያኖች አገር ወዳድ ብለው አጨበጨቡለት፣ ቅጣቱም ወደ ሰባት ወር ወረደለት። የኛ ጥያቄ ግን እውነት ነው። ሐራጁ ተመዝግቧል፣ የንጉሡ ደብዳቤ አለ፣ የንግሥቲቱ መልስ አለ። ታዲያ ለውሸቱ ያን ያህል ገጽ ሰጥታችሁ እውነቱን ለምን ዘለላችሁት?

ወደ ደብረ ብርሃን ልመለስ። በሥዕል ምክንያት ደም የፈሰሰበትን ታሪክ ፍለጋ እኛ ሮም መሄድ የለብንም። አጼ ዘርዓ ያዕቆብ (1434–1468) የእመቤታችን ሥዕል በየቤተ ክርስቲያኑ እንዲከበር፣ ሕዝቡም እንዲሰግድለት ያዘዙ ንጉሥ ናቸው። ዛሬ ጣና ላይ ዳጋ እስጢፋኖስ ያለውን ትልቁን የእመቤታችንን ሥዕል የሣለው መነኩሴው ፍሬ ጽዮን በሳቸው ዘመን ነው የነበረው። ደቂቀ እስጢፋኖስ የሚባሉት መነኮሳት ግን ስግደት ለሥላሴ ብቻ ነው፣ ለሥዕልና ለዕፀ መስቀል አንሰግድም አሉ። ተገረፉ፣ አካላቸው ተቆራረጠ፣ በድንጋይ ተወገሩ። የንጉሡ ዜና መዋዕል ከዚያ ከ38 ቀን በኋላ፣ መጋቢት 10 ቀን፣ ከሰማይ ብርሃን ወረደ ይላል። ንጉሡም ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፣ ከተማቸውንም እዚሁ አደረጉ። እኛ የምንኖርበትን ከተማ ማለት ነው። ብርሃኑ በ1456 የታየው ጅራታም ኮከብ ነው የሚሉ አሉ፤ ሽማግሌዎቻችን ደግሞ ይህን አይቀበሉም። እኔ እዚህ ክርክር ውስጥ አልገባም። የምለው፣ ልጆቻችን የብርሃኑን ነገር ያውቁታል፣ ከብርሃኑ በፊት ስለተወገሩት ሰዎች ግን የሚነግራቸው የለም።

የተወገሩት ወገኖች የራሳቸውን ታሪክ በግዕዝ ጽፈው አስቀምጠዋል። ወደ አማርኛ የመለሱልን ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው፣ ነፍሳቸውን ይማርና። የሸንኮራ ሰው፣ የኛው የሰሜን ሸዋ ልጅ። ሌላም አለ፤ የነዚያ መነኮሳት ተከታዮች ጉንዳ ጉንዶ ገዳም ውስጥ የሣሏቸው የብራና ሥዕሎች ዛሬ ከአገራችን ድንቅ ሥዕሎች መካከል ይቆጠራሉ። ለሥዕል አልሰግድም ብሎ የሞተ ወገን እንዲያ ያለ ሥዕል መሣሉ ለኔ ከማንኛውም የአውሮፓ ወሬ ይበልጣል። እና ከዚያ ጥቂት ቆይቶ የመጣው የቬኒሱ ሰዓሊ ኒኮሎ ብራንካሌዮንስ? 40 ዓመት ያህል አገራችን ኖሮ ሣለ። ልጁን በግራ እጇ የታቀፈች እመቤታችንን ሣለ ተብሎ፣ ግራ እጅ ክብር የለውምና፣ ሕዝቡ ቁጣ አነሳ፣ ሥዕሉ ይጥፋ አለ ይባላል። ይህንም ጻፉልን።

አሁን ደብዳቤውን ያስጻፈኝን ልናገር። ከጥቂት ዓመት በፊት ገበዙ፣ ሁለት ሽማግሌዎችና አንድ ዲያቆን ከአንድ ቆላ ቀበሌ ፎቶ ቤቴ መጡ። የቤተ ክርስቲያኑን ስም አልጠራም። እዚያ አንድ ዓመት ንግሥ ተጠርቼ አንስቻለሁ። ገበዙ ሳይቀመጡ፣ “የኔ ልጅ፣ የዚያን ዓመቱን ንግሥ ያነሳኸን አንተ አይደለህ? ሥዕሏ አለችህ ወይ?” አሉኝ። የእመቤታችን ሥዕል ናት፣ እንደ መጽሐፍ የምትታጠፍ፣ የእንጨት፣ ከጥንት ጀምሮ የነበረች። ሌሊት የዕቃ ቤቱ በር ተሰብሮ ተወስዳለች። ለፖሊስ አመለከቱ። መርማሪው ደግሞ ሥራው ነውና ጠየቀ፤ ቁመቷ ስንት ነው? ቀለሟ? ጽሑፍ አላት? በቀኝ ክንፏ ላይ ማነው ያለው? አንዱ ሽማግሌ ቅዱስ ጊዮርጊስ አሉ፣ ሌላው ሚካኤል። አንዱ ቁመቷን ክንድ አደረጓት፣ ሌላው ከስንዝር ብዙም አታልፍም አሉ። ገበዙ እንዲህ አሉኝ፦ “ዕድሜ ልኬን ተሳልሜያታለሁ። ምልክቷን ተናገር ስባል ግን ልሳኔ ተያዘ።”

ፋይሉን አውጥቼ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አየናቸው። ጃንጥላ፣ ከበሮ፣ መዘምራን፣ እልልታ፣ ሕፃናት። በመጨረሻ አንድ ቄስ ይዘዋት ቆመዋል፣ ከድባቡ ጀርባ፣ ግማሿ ተከልሎ፣ ፎከሱ ከፊት ባሉት ሰዎች ላይ ስለሆነ ደብዝዛ። አሳደግኳት። የፊቷ ግማሽና የአንድ ክንፍ ጫፍ ታየ። ሽማግሌው ስክሪኑን ሊሳለሙ ጎንበስ ሲሉ እኔም ዞር አልኩ። ያቺን ፎቶ አትሜ ሰጠኋቸው፣ ለመርማሪውም ደረሰ። ሥዕሏ አልተገኘችም። ብትገኝስ? አንድ ቀን አዲስ አበባ አንድ ሱቅ ውስጥ ወይም ውጭ አገር ጨረታ ላይ ብትወጣ፣ ይህች የኛ ናት የሚለውን በምን እናሳምናለን? በግማሽ ፊት?

ይህን ከሞናሊዛ ጋር አስተያዩት። እዚያ ሥዕሏ ከፎቶዋ ጋር ስትተያይ ነገሩ በደቂቃ አለቀ። እዚህ ሰፈሩ በሙሉ ያውቃታል፣ ምስክር ሞልቷል፣ ማስረጃ ግን የለም።

አፍሮ አይገባ የሚባለው የላሊበላ መስቀልም ይህንኑ ያስተምራል። በ1997 ከቤተ መድኃኔ ዓለም ተሰርቆ በ25,000 ዶላር ለአንድ ቤልጅየማዊ ሰብሳቢ ተሸጠ፣ በ2001 ቤቱ ተመለሰ። ያን መስቀል ላሊበላ የሄደ ሰው ሁሉ አይቶታል፣ ፎቶ አንስቶታል። እንደኔ ሸሽጎ ለማቆየት ያስቸገረው ይሄ ነው። መንዝ ውስጥ፣ መርሐቤቴ፣ ሞረት፣ ጅሩ፣ ተጉለት ውስጥ በየዕቃ ቤቱ ያለውን መስቀልና ሥዕል ግን ማን አየው?

ካህናቱ ለምን ፎቶ እንደማይወዱ አውቃለሁ፣ ልክም ናቸው። በ1932 ማርሴል ግሪዮል የመራው የፈረንሳይ የጥናት ቡድን ጎንደር መጥቶ የአባ እንጦንስን ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ከግድግዳው ላይ ነቅሎ ወሰደ፤ በምትኩ ሰዓሊያቸው የሣለውን አዲስ ቅጂ ለጠፉበት። ዋናዎቹ ዛሬም ፓሪስ ሙዚየም ውስጥ ናቸው። “ለጥናት ነው” ብሎ የመጣ ሰው እንዲህ ካደረገ፣ ካሜራ የያዘውን ሁሉ በጥርጣሬ ቢያዩ ማን ይፈርድባቸዋል? አንዳንዶቹ ፎቶ ከወጣ ሌባ ይጠራብናል ይላሉ። ለዚህ መልስ አለኝ። ፎቶው ፌስቡክ ላይ ይውጣ ያለ የለም። አንዱ ቅጂ ደብሩ ጋ፣ አንዱ ወረዳ ቤተ ክህነት፣ አንዱ ሀገረ ስብከት ታሽጎ ይቀመጥ። የሚከፈተው ዕቃ የጠፋ ዕለት ነው። ሌባው ደግሞ ቀድሞ ያውቃል፣ ሰው ልኮ ያስጠናል፤ የማናውቀው እኛ ነን። ታቦት ይነሳ የሚል ሰው ካለ እኔም አልስማማም። ታቦት ታቦት ነው። እንኳን እኛ፣ ብሪቲሽ ሙዚየም እንኳ የያዛቸውን 11 ታቦታት ለሕዝብ አያሳይም፤ ከማያሳይ ቢመልስ ይሻል ነበር። እኔ የምለው ሥዕሉን፣ መስቀሉን፣ ብራናውን፣ ጽናውን ነው።

ሥራው ከባድ አይደለም፣ በሙያዬ ልናገር። ፍላሽ አያስፈልግም፣ አይፈቀድምም፤ በር አጠገብ ጥላ ውስጥ የቀን ብርሃን ይበቃል። ፊቱን ታነሳለህ፣ ጀርባውን ታነሳለህ፣ ጎኑን ታነሳለህ። አጠገቡ ሜትር ታስቀምጣለህ። ከሁሉ በላይ ጉዳቱን ቀርበህ አንሳ፤ ጧፍ ያቃጠለውን፣ ምስጥ የበላውን፣ የተሰነጠቀውን፣ በሽቦ የታሰረውን። ቆንጆውን ፊት ሌላ ሰዓሊ አስመስሎ ሊሠራው ይችላል፣ ስንጥቁን ግን አይችልም። የሰጪው ስም በግዕዝ ካለበት እሱንም። ዓለም ላይ ሙዚየሙና ፖሊሱ የሚጠቀሙበት የጠፋ ቅርስ ቅጽም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ደህና ስልክ ያለው ዲያቆን በአንድ ከሰዓት ይጨርሰዋል።

ደግሞ አዲስ ነገር አይደለም። ከ1973 ጀምሮ በፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ ፈቃድ የኢትዮጵያ ብራናዎች በማይክሮፊልም ሲነሱ፣ ብዙው የተነሳው ከዚሁ ከሸዋ አድባራትና ገዳማት ነው። በዚያ የመከራ ዘመን፣ ደርግ እያለ፣ ወደ 9,000 የሚጠጋ ብራና ተነሳ። ያን ሁሉ ገጽ በገጽ እያዩ ካታሎግ ካዘጋጁት ሊቃውንት ዋነኛው እኒያው ፕሮፌሰር ጌታቸው ናቸው፤ በ1975 ወታደሮች በጥይት መትተዋቸው ከወገባቸው በታች ሽባ ሆነው፣ ሚኒሶታ ተሰደው፣ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆነው። እሳቸው ያን ያህል ከሠሩ እኛ ኪሳችን ውስጥ ካሜራ ይዘን ምን እንጠብቃለን? አዋጁም አለ፤ አዋጅ ቁጥር 209/1992 (ዓ.ም) ቅርስ የያዘ ሁሉ ያስመዝግብ ይላል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ስለ ማስመሰል። ቫን ሜይገረን የሚባለው ሆላንዳዊ ሰዓሊ የራሱን ሥዕል የጥንቱ ሰዓሊ የቬርሜር ነው ብሎ ለናዚው ባለሥልጣን ለጎሪንግ ሸጠ። በ1945 የአገር ቅርስ ለጠላት ሸጠሃል ተብሎ ሲታሰር፣ እኔ ነኝ የሣልኩት አለ። ያመነው የለም። ዘበኞች እያዩት ሌላ “ቬርሜር” ሣለላቸው። ይህን ታሪክ ሰው ሁሉ ይወደዋል፣ እኔም ወደድኩት። እኛ አገር ያለው ግን ያሳዝናል። ያረጀ ዳዊት ይገዛል፣ ገጹ ይገነጣጠላል፣ በጽሑፉ ላይ አዲስ ሥዕል ይሣልበታል፣ ጭስ ይሞቃል፣ ለቱሪስት የጥንት ነው ተብሎ ይሸጣል። ያ ዳዊት የአንድ አባት ዕድሜ ልክ የጸሎት መጽሐፍ ነበር። አንድ ሐሰት ለመሥራት አንድ እውነት ይጠፋል። ሱቆቹ በግልጽ ነው የሚሸጡት፤ ጋዜጠኛ ልካችሁ ማየት ትችላላችሁ።

የዘመኑንም ሥዕል አትርሱ። ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ አንኮበር ነው የተወለዱት፣ በ1932። በ1947 ማዕድን ምህንድስና ይማሩ ተብለው እንግሊዝ ተላኩ፣ ሥዕል ተምረው መጡ። አዲስ አበባ የአፍሪካ አዳራሽ መስታወት፣ ሰላሌ ደብረ ሊባኖስ የቤተ ክርስቲያኑ መስታወት፣ የሳቸው ነው። ሞናሊዛ ከሌባው እጅ ከወጣች በኋላ መጀመሪያ ለሕዝብ የታየችው ፍሎረንስ፣ ኡፊዚ ነው ብያችኋለሁ መሰለኝ፤ ካላልኩ አሁን አልኩ። እዚያው ኡፊዚ ውስጥ በ1981 የአፈወርቅ የራሳቸው ምስል ገባ፣ ከአፍሪካዊ ሰዓሊ ሥዕል የመጀመሪያው። የአንኮበር ተማሪ ይህን ያውቃል? እኔ ፎቶ ቤት የሚመጡ ተማሪዎችን ጠይቄያለሁ፣ ሞናሊዛን የማያውቅ የለም፣ አፈወርቅን ግን ስሙን ሰምቻለሁ የሚለው ነው የበዛው።

ስለዚህ ከናንተ የምፈልገው ይህ ነው። በዚያው ገጽ ላይ በየሳምንቱ አንድ የኛን ሥዕል አውጡ፤ ከነታሪኩ፣ ከነቅሌቱ፣ የተሰረቀ ከሆነም የት እንዳለ። የጠፋ ዕቃ ፎቶ ያለው ደብር ሲያመጣላችሁ ያለ ክፍያ አትሙለት። ሀገረ ስብከቱንና የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቱን ጠይቁልን፤ በሰሜን ሸዋ ስንት ደብር ንዋያቱን በፎቶ መዝግቧል? ቁጥሩን ይንገሩን። ሥራው ከተጀመረ እኔ በበኩሌ ያለ ክፍያ እወጣለሁ፤ ደብረ ብርሃን፣ ደብረ ሲና፣ ሸዋ ሮቢትና ዓለም ከተማ ያላችሁ የሙያ ጓደኞቼ ይህን ካነበባችሁ እናንተም ውጡ፣ ዲያቆናቱን ማስተማሩ ይበልጣል። የምንሄደው ከሰበካ ጉባኤው ጋር፣ ካህኑ ራሳቸው ዕቃውን እየያዙ፣ እኛ እጃችንን ሳናሳርፍ ነው። ካርዱንም እዚያው እናስረክባለን።

መጀመሪያ የምታወጡትን ከጠየቃችሁኝ ኩርዓተ ርእሱ ይሁን። የቤተ መንግሥቱን መልስም አብራችሁ አትሙት፣ ሰው አንብቦ ይፍረድ። ፎቶውን በቀለምና በትልቁ አውጡት፤ ቆርጬ ፎቶ ቤቴ መስታወት ላይ እለጥፈዋለሁ።

አክባሪያችሁ፣
የደብረ ብርሃን ፎቶ አንሺ